እኔ ሃያ አራት፣ ጥርሴ ሰባ

ጥርስ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወንበሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴንም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ጋምቤላ ከተማ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ስሜ ቱት ነው፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ዕድሜዬን ያዙልኝ፣ ነገሩ በሙሉ የተበላሸው እሱ ላይ ነው።

ጥርሴ ስለተሰበረ አይደለም የተናደድኩት። ጥርስ ይሰበራል። ያናደደኝ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው። ለባጃጄ ፍሬን ሸራ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ፣ “የህንዱን ነው የቻይናውን? የትኛው ዓመት ሞዴል ነው?” ብሎ ያደርቀኛል። ለፍሬን ሸራ! ዕድሜ ልኬን አፌ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ግን፣ ከምን እንደሚሠራ የነገረኝ የለም፣ ዕድሜህ ስንት ነው ያለኝም የለም።

አንድ ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ። የታች ፊት ጥርስ የለኝም። አራቱም የሉም። ኑዌር ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ኢታንግ ገጠሩ ውስጥ ሳድግ እንደ ባህላችን አጎቴ ነው ያወጣቸው። አላለቀስኩም፣ አባቴ እስከዛሬ እሱን ያወራል። አሁን ነገሩ እየቀረ ነው፣ ይቅር፣ ክርክሩ ሌላ ቀን። እኔ ማለት የፈለግኩት በሽታ አይደለም። ተበልቶ ወይ በስብሶ የወለቀ አይደለም። ታዲያ የታች ፊት ጥርስ የሌለው ሰው ሲስቅ የሚታየው የላዩ ብቻ ነው። የኔ መሳቂያ የላዮቹ ናቸው።

ክረምት ላይ ነው የሆነው። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ሜዳ መስሏል። ገባሁበት። ባጃጁ ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም፣ በአፌ መሪው ላይ ሄድኩ። ከኋላ ዓሣ ጭና የነበረች ሴትዮ የራሷን ዓሣ ትታ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች።

“ምን ጠፋብሽ እናቴ?” አልኳት፣ ደም እየተፋሁ።

“ያንተ ነው የጠፋው! ጥርስህ!” አለች። አገኘችው። የላይኛው የፊት ጥርሴ ግማሽ ነው። በውሃ አለቅልቃ በሶፍት ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። “ያዘው፣ ይለጥፉልሃል” አለችኝ። ይቺን ሴትዮ አስታውሷት። አንድ ቀን እንኳን ሕክምና ሳትማር ትክክለኛውን ነገር የነገረችኝ እሷ ነበረች።

በዛው ቀን ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ አለ፣ ሁሉም ዶክተር ይለዋል፣ እኔም አልኩት።

“ዶክተር፣ ይሄን ማጣበቅ ይቻላል?” ብዬ ሶፍቱን ፈታሁለት።

ቁራጩን በሁለት ጣቱ አነሳና ቅርጫት ውስጥ ጣለው። አላየውም እንኳን። “ይሄ አለቀለት። ክራውን ነው የሚያስፈልግህ።” ክራውን ማለት በተሰበረ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። “ኖርማሉን እንሥራልህ?”

“ኖርማል ማለት?”

“ኖርማል ነዋ። ሁሉም የሚያሠራው።”

እኔም ሞኝ፣ እሺ አልኩ። ኖርማል! ይሄን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘው! ሽሮ ቤት ገብተህ “ኖርማል” ብትል እንኳን “ተጋቢኖ ነው ፈሰስ ያለ?” ብለው ይጠይቁሃል።

ከዛ ማሽኑን አስነሳና የቀረውን ጥርሴን እንደ እርሳስ ቀረጸው። ቀንድ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ አፌን ሞላው። ጉቶ ቀረ። እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር በብረት አድርጎ የላይና የታች ልክ ወሰደ። አንድ ወረቀት አወጣ፣ ስሜን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ በቃ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ አይቻለሁ። የሐኪም ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልኩንና ወረቀቱን ካርቶን ውስጥ ከቶ በፕላስተር አሸገው። “በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እዛ ላብራቶሪ ይሠራል፣ ሦስት ሳምንት” አለኝ።

ሦስት ሳምንት በጉቶ! ጊዜያዊ መሸፈኛ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እስከ ዓይኔ ድረስ ይወጋኛል። ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የማይጠጣ ሰው አስቡ።

ጥርሱ መጣ። ገጠመልኝ፣ መስታወት ሰጠኝ። አየሁ። ጥርሱ ቢጫ ነው። ወደ ድዱ ሲጠጋ ቡናማ ይሆናል። ጫፉ የተበላ ነው፣ ሰባ ዓመት አገዳ የጋጠ ይመስላል። መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ መስመር አለች። የሚገርመው ሥራው ቆንጆ ነው። የሌላ ሰው ቢሆን።

“ይሄ የማነው?” አልኩት።

“ያንተ ነዋ።”

“ጎረቤቱን እየው፣ እሱን እየው። አንድ ናቸው?”

“ሲረጥብ ቀለሙ ይመጣል።”

“አፍ ውስጥ ነው ያለው ሰውዬ! ከዚህ በላይ በምን ይርጠብ?”

“ይለምድሃል ወንድሜ፣ በሳምንት ትረሳዋለህ” ብሎ አጣበቀው። ሂድ አለኝ፣ ሄድኩ።

እኔ ብረሳው ሰው መች ይረሳል! ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ጓደኛዬ ኦኬሎ ገና “ታዲያስ” ስለው አፌን አፍጥጦ አየ። “ቱት፣ አያትህ አፍህ ውስጥ ምን ይሠራል?” አለ። በቃ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ስሜ አያ ሽማግሌ ሆነ። “አያ ሽማግሌን አስቀድሙ፣ ፀሐይ አይችሉም!” “አያ ሽማግሌ፣ በንጉሡ ጊዜ ታሪፍ ስንት ነበር?” እስቃለሁ፣ ግን አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው የምስቀው። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ አፍ ላይ። እንደዚህ ነው የሚነዳው?

ቀልዱ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዛ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ከጥርሱ በላይ ያለው ድድ ጠቆረ፣ ሐምራዊ የመሰለ መስመር ሠራ። ከዛ መውጋት ጀመረ፣ ከዛ ትኩሳት። ጋምቤላ ውስጥ ትኩሳት ከያዘህ ደግሞ ወባ ነህ፣ አለቀ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ልጁ ወረቀቱን አየና “ወባ አልተገኘብህም፣ ግን ምልክቱ የወባ ነው” ብሎ የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። ጨረስኩት። አልለቀቀኝም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ “ታይፎይድ ነው” ተባልኩ። የታይፎይዱንም ዋጥኩ። ጥርሴን እንዳሠራሁ ለሁለቱም ነግሬያለሁ። አፍህን ክፈት ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

አብራኝ የምትኖረው እህቴ ኛቦል ናት፣ አስተማሪ ልትሆን ኮሌጅ ትማራለች። አንድ ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ አብጦ እብጠቱ ወደ ዓይኔ እየወጣ ነው። አየችኝና ቦርሳዋን ጣለች።

“ወባ ፊትን በአንድ በኩል ያሳብጣል እንዴ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ!”

“አፍህን ክፈት።” ከፈትኩ። “በኢየሱስ ስም!” አለች፣ ወደ ኋላ ሸሸች። ከጥርሱ በላይ እንደ ባቄላ የምታህል ነገር አብጣ፣ ሽታው እሷ ድረስ ደርሷል።

ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ሮጥኩ። ባለ ጋውኑ በብረት ነካ ነካ አደረገና “ሥሩ ሄዷል፣ ይነቀላል” አለ። እንዲሁ። “ከነቀልን በኋላ ግራና ቀኝ ያሉትን ሞርደን ሦስቱን በአንድ ድልድይ እንሠራቸዋለን።”

“ግራና ቀኙ ምን አጠፉ?”

“ድልድይ መደገፊያ ይፈልጋላ።”

“ከምንድነው የሚሠራው?”

“ኖርማሉን” አለኝ! በእግዚአብሔር፣ እንደዛ ነው ያለኝ። ያበጠ ፊቴን ይዤ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ልቤ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚመታው። እብጠቱ ዓይኔ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል፣ ከዓይን ቀጥሎ ጭንቅላት ነው እያልኩ ግድግዳ አያለሁ። ኛቦል ለአባታችን ደወለች። እሱም በማግስቱ ጠዋት ከኢታንግ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ መጣ። ባባ አማርኛ ይሰማል፣ ሲናደድ ግን በኑዌርኛ ነው፣ እኔ ወደ አማርኛ ልመልስላችሁ።

“እኔ አራት ጥርስ አስወጥቼ ሰው ሆንኩ” አለ ገና ሳይቀመጥ። “አንተ በአንዷ ልትሞት ነው? ትነቀልና ይለቅህ!”

“ባባ፣ የታች የለኝም። የላዩም ከወጣ በምን ልስቅ ነው?”

“በዓይንህ ሳቅ።”

“ዓይኑም እያበጠ ነው” አለች ኛቦል።

ተጨቃጨቅን። እሱ ለዛ ጥርስ አንዲት ሳንቲም አትወጣም አለ፣ ኛቦል አለቀሰች፣ እኔ በር ወርውሬ ወጣሁ። ለሕመምተኛ ከሕመሙ በላይ የሚያመው ይሄ ነው፣ የሚወዱህ ሰዎች ባንተ አፍ ላይ ሲጣሉ። መጨረሻ ላይ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ባባ የሄደው ሲነቀል ሊያይ ነው።

የጥርስ ክፍሉ በር ላይ አንድ አግዳሚ አለ፣ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ። መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ላብ ከአገጭ ይንጠባጠባል። አንድ ደገኛ ፖሊስ ተራው ደርሶ ስሙ ተጠራ። ተነሳ፣ ዞሮ አየኝ፣ “ይሄ ልጅ ይቅደም፣ የኔ ይደርሳል” ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሕፃን ያዘለች ሴት የራሷን ውሃ ላስቲክ ጉንጬ ላይ እንዳደርገው ሰጠችኝ። ውስጡ በረዶ አለ። ብር ያልተከፈለበት ሕክምና በሙሉ ትክክል ነበር፣ ይሄን ተመልከቱልኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ሰላም ትባላለች፣ ወጣት ናት። ገና ስገባ “አፍህን ክፈት” አለችኝ። ላቅፋት ነበር።

አየች። የታችኛውንም አየች። “እነዚህ በባህል የወጡ ናቸው አይደል?” አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ባባ ቀና ብሎ አያት። ጥርሱን መታ መታ ስታደርገው ቆቡ ሙሉውን ተነቅሎ መጣ፣ ብዙም አልታገለም። ከስር የወጣውን መግል አልነግራችሁም፣ ምናልባት ልትበሉ ነው። ግን ሲወጣ የተሰማኝ እረፍት! ከአንድ ወር በኋላ ጭንቅላቴ የራሴ ሆነ።

“ነርቩ ሞቷል” አለችኝ። “በግጭቱ ሊሆን ይችላል፣ በመሞረዱም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመርና ሳይጸዳ ከላይ ተዘጋበት። በር ተቆልፎበት የበሰበሰ ነገር ማለት ነው።”

“ይነቀላል?” አለ ባባ በአማርኛ።

“ዛሬ አላውቅም አባቴ። ሥሩን ከፍቼ አጸዳዋለሁ፣ መድኃኒት አደርግበታለሁ። በሳምንት ካልሻለው ይነቀላል። ከተሻለው ይኖራል።”

ሶፍት ውስጥ ስለነበረው ቁራጭ ስነግራት ደግሞ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ይለጠፍ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ንጹሕ ስብራት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይለጠፋል።” የዓሣዋ ሴትዮ! ቅርጫት ውስጥ የተጣለው የራሴ ጥርስ፣ በራሴ ቀለም፣ በነፃ!

ሳምንቱ አለፈ። ተመለስን፣ ባባም ሳይቀር፣ ለመንቀሉ ተስፋ አልቆረጠም። ድዱ ጎደል ብሏል፣ ጥቁረቱ ግን አለ። ዶክተር ሰላም፣ “ውስጡ ምን ዓይነት ብረት እንደነበር ማወቅ አለብኝ” አለች። ብረት? እኔ አፌ ውስጥ ብረት እንዳለ መቼ አውቄ! ቆቡን ገልብጣ አሳየችኝ። ውስጡ ግራጫ ነው፣ ከላይ ነው ሴራሚክ የተቀባው። ከባለ ጋውኑ ክሊኒክ የላብራቶሪውን ስልክ ተቀብላ፣ አዲስ አበባ ያለውን ሠሪ ደወለችለት፣ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ።

“አዎ፣ ከጋምቤላ የመጣው የሽማግሌው ሥራ!” አለ ሰውዬው፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። “አስታወስኩት። ኒኬል ያለበት ብረት ነው፣ ርካሹን ነው ያዘዙት። አባባ እንዴት ሆኑ? ወደዱት?”

ዶክተር ሰላም አየችኝ። “የትኛው አባባ?”

“ባለ ጥርሱ ነዋ። ወረቀቱ ላይ ዕድሜ የለም፣ ቀለም የለም፣ ከስም በቀር ምንም የለም። ልኩን ሳየው የታችኛው አራት ጥርስ ወልቆ ድዱ እንኳን ከተዘጋ ቆይቷል። አይ፣ እኚህ ሰው ሰባ አይቀራቸውም አልኩ። ለሽማግሌ ነጭ ጥርስ ሰጥቶ የሰው መሳቂያ ማድረግ ደግሞ ነውር ነው። ጫፉን የተበላ አስመሰልኩት፣ ቢጫ አደረግኩት፣ ስንጥቋን በአንዲት ፀጉር ብሩሽ ነው የሣልኳት። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል!”

ስልኩን ተቀበልኳት። “አባባ እኔ ነኝ” አልኩት።

“እንዴት?” አለ።

“ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ባጃጅ ነው የምነዳው። ስንጥቋ በጣም ታምራለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!”

“ወይኔ” አለ ሰውዬው። “ወይኔ ወንድሜ። ታዲያ የታች ጥርስህ የት ሄደ?”

ይሄን ሲል ባባ ከመቀመጫው ተነሳ። ረጅም ሰው ነው፣ ክፍሉ ጠበበ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ በራሱ አማርኛ ጮኸ፦ “ወድቆ አይደለም! እኛ አወጣን! በሽታ የለም!”

ከዛ ወደ እኔ ዞሮ በኑዌርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ኛቦል ለዶክተሯ በአማርኛ መለሰችላት፣ እንባ ይዟት፦ “አራቱን እኛ ነን ያወጣነው፣ ለምን እንደምናወጣ እያወቅን። ይቺን ግን እኛ አላወጣናትም። ማንም ሳይጠይቀን ማንም አያወጣትም። ትቆይ፣ ነው የሚለው።”

ዶክተር ሰላም፣ “ላተርፋት እየሞከርኩ ነው በይው” አለች። ተረፈች። በሦስት ቀጠሮ ሥሩ ተጸድቶ ተደፈነ። ድዱም ብረቱ ከወጣለት በኋላ ቀስ እያለ ቀለሙን መለሰ።

ከዛ ነው የመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ የመጣው። “አሁን ቆቡን ከምን እናሠራው?” አለችኝ። ጠየቀችኝ! እኔን!

“ቤታችሁ ነጭ የተለበጠ የብረት ሳህን አለ?” አለች።

“ባባ ቤት አለ። ጠርዙ ተልጦ ጥቁሩ ወጥቷል።”

“አፍህ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ከብረቱ በላይ ስስ ሴራሚክ። በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ለመንጋጋ አሁንም ይሠራል፣ መጥፎ ነው አልልህም። ፊት ላይ ግን ብረቱ በድድ በኩል ጥላ ያጠላል፣ ደግሞ ያንተ ድድ ይሄን ብረት አልወደደውም። ሁለተኛው ዚርኮኒያ ነው። ብረት የለውም፣ ነጭ ነው፣ ጥንካሬው ሌላ ነው። ብርሃን ግን እንደ ጥርስ አያሳልፍም፣ እየተሻሻለ ቢመጣም። ሦስተኛው የመስታወት ዘር ያለው ሴራሚክ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ይመሳሰላል። ጥንካሬው ግን ከዚርኮኒያ ያንሳል። ብዙ ሰው ላይ የታችኛው ጥርስ እየመጣ ስለሚመታው አስብበታለሁ። ያንተን ግን…” አለችና ቆማ ሳቀች። “ያንተን የሚመታው የለም።”

ባባ ጭኑን መታ። “አየህ! አጎትህ ያኔ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር!”

ኛቦል ደግሞ ስልኳን አወጣች። “ዶክተር፣ ቬኒር የሚባለው አለ አይደል? ለምን ሁሉንም በአንዴ ነጭ አናደርጋቸውም?” ቬኒር የጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ እንደ ጥፍር የሳሳ ልባስ ነው።

“ለተሸረፈ ወይ ቀለሙ ለተበላሸ ጥርስ ጥሩ ነው” አለች። “ግን ለመለጠፍ ብዙ ጊዜ የጥርሱ ፊት ይሞረዳል። የተሞረደ ደግሞ አይበቅልም። ጤነኛ ጥርሱ ምን አድርጎሽ ነው?”

እኔ ባለ መስታወቱን መረጥኩ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ አልዋሻችሁም፣ ሁለት ወር ሳላርፍ ነድቻለሁ። ግን የመጀመሪያውን ባልከፍል የዚህ ግማሽ እጄ ላይ ነበረ። ርካሽ ማለት ይሄ ነው።

ቀለም መምረጡ ደግሞ ደጅ ነው የሆነው፣ በቀን ብርሃን መሆን አለበት ብላ ማንጎው ሥር አወጣችኝ። ዘንግ ላይ የተሰካኩ ጥርሶች አሏት፣ እያንዳንዱ ቀለሙ ይለያያል፣ አንድ በአንድ ጥርሴ ጎን እያደረገች ታያለች። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ተከትሎን ወጣ።

“ሁለተኛው ነው!” አለ አንዱ።

“ዓይንህን ታመሃል? እሱ ግድግዳ ይመስላል!” አለች አንዲት ሕፃን ያዘለች። “ያቺ ሦስተኛዋ፣ ለስለስ ያለችው።”

“ነጩን ስጡት፣ ጥቁር ሰው ጥርሱ ነጭ ነው” አለ ሌላው።

ዶክተር ሰላም ሳትዞር፣ “ጎረቤቱን ጥርስ ነው የማየው፣ ቆዳውን አይደለም” አለችው። ሦስተኛዋ ሆነች። ፎቶ አነሳች፣ ጉቶውንም ሳይቀር፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ እየጠቆረ ስለሚሄድ፣ ሠሪው ካላወቀ ጥላው በሴራሚኩ ውስጥ ይታያል አለች። ከዛ ወረቀቱን አወጣች። ያንኑ ዓይነት ወረቀት! አንድ ባዶ ቦታ አልተወችም። ዕድሜ፣ ሃያ አራት። ሥራ፣ ባጃጅ። የታች ፊት ጥርስ፣ በልጅነት በባህል የወጣ፣ ሕመም አይደለም። ጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። በሦስት ደቂቃ ምክንያት ነው ሁለት ወር ሙሉ የተጫወቱብኝ።

አዲሱ ጥርስ በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ አዲስ አበባ ያለው ሠሪ በእጁ የጻፋት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ “ለወጣቱ፣ ይቅርታ።” እሱን ይቅር ብያለሁ። ባየው ነገር ተጠንቅቆ ነው የሠራው፣ እንዲያይ ያላደረገው ሌላ ነው። ኦኬሎ አፌን ለረጅም ጊዜ አየና “የትኛው ነው?” አለ። ይሄ ነው ምርመራው፣ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። የድሮውን ደግሞ ባባ ጠየቀኝ። “ለሽማግሌ ነው የተሠራው፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ” ብሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከቶ ኢታንግ ይዞት ሄደ። ለሰው ያሳየዋል አሉ፣ ስንጥቋን።

አሁን ተረጋጋ ትሉኝ ይሆናል። አልረጋጋም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ባጃጄ ውስጥ ገባች፣ አፏን በነጠላ ይዛለች። የዛን ክሊኒክ ስም ጠርታ “አድርሰኝ” አለች።

“ጥርስ ነው?”

“ተሰብሮ ነው። ክራውን ይሠሩልኛል፣ ዛሬ ይሞርዱታል።”

“ከምንድነው የሚሠሩልሽ?”

“ኖርማሉን ነው ያሉኝ።”

አደረስኳት። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ተከትያት ገባሁ። ባለ ጋውኑ ወንበሩን እያስተካከለ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስሟና ቀኑ ተጽፎበታል። እስክሪብቶውን አንስቼ ዘረጋሁለት።

“ዕድሜዋን ጻፍ” አልኩት። “ቀጥሎ ቀለም። ከምን እንደሚሠራ ንገራት፣ ነርቩን እየው፣ ከዛ ሞርድ።”

ቀና ብሎ አፌን አየ፣ አወቀኝ መሰለኝ። “አንተ ደሞ ምኗ ነህ?” አለ።

“ባጃጇ ነኝ። ጻፍ።”

ልጅቷ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። “አሥራ ዘጠኝ” አለችው። ጻፈ።